ባሕር የሌለው አገርና የመርከብ ሸራ
ከሮቤና ከጎባ እስከ ሳነቴ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሰላና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ዲንሾን አልፎ ወደ ሮቤ በሚወርድበት ጊዜ በፊቱ የተዘረጋው ሜዳ ዓይኑን ይሞላዋል። ስንዴውና ገብሱ ነፋስ በነካው ቁጥር በአንድነት ያጎነብሳል፥ በአንድነትም ይነሣል። ማዕበል አይቶ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር የቆመ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ቀርባ የምትገኘው ጎባ ደግሞ ከርሷ ትበልጥ ከፍ ትላለች። በሁለቱም ከተሞች ተወልዶ ያረጀ ሰው ሸራውን የዘረጋ መርከብ አንድ ቀን እንኳ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል።

ስለዚህ በባሌ ደጋ ላይ ሆነን ስለ መርከብ ሸራና ስለ ገመዱ ለመናገር ማሰባችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። «ባሕር የሌለው ሰው ስለ መርከብ ማወቁ ምን ይረባዋል?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን የባሌን ነፋስ፥ የባሌን ወንዝና የባሌን ጠፍር አስተውሎ የተመለከተ ሰው፥ ደገኛውና መርከበኛው ሳይተያዩ በአንድ ነፋስ ሲተዳደሩ የኖሩ ጎረቤቶች መሆናቸውን ይረዳል። ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጎባ ለረጅም ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው። ከጎባ ወጥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በመጀመሪያ በጥድና በኮሶ ዛፍ መካከል ያልፋል፤ ቀጥሎ አስታው ይቀበለዋል፤ ከዚያም ዛፉ ሁሉ ያልቅና ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሞ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ ላይ ይወጣል። ይህ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ነው። በዚያው ላይ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን፥ ከስምጥ ሸለቆው በስተደቡብ ካሉት የኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን የምትታየውም በዚሁ ሜዳ ነው።

በሳነቴ ላይ ነፋሱን የሚያግደው ዛፍ የለም። እዚያ ድንኳን የተከለ ሰው ስለ መርከብ የመጀመሪያውን ትምህርት ያለ አስተማሪ ይማራል። በዘመቻም ሆነ በመንገድ ድንኳን ያስተከላችሁ አንባቢዎች እንደምታውቁት፥ ድንኳን ማለት ተራዳ፥ ሸራ፥ አውታርና ካስማ ነው። ነፋስ ከአንድ ወገን በመጣ ጊዜ በነፋሱ በኩል ያለው አውታር እንደ በገና ጅማት ይወጠራል፤ በሌላው ወገን ያለው ይላላል። አሽከሩ የላላውን ትቶ የተወጠረውን ይጠብቃል፤ ካስማው ከተነቀለ ድንኳኑ በሙሉ እንደሚሄድ ያውቃልና። ሸራው ጠባብ ሲሆን ነፋሱ ያልፈዋል፤ ሰፊና የተነፋ ሲሆን ግን ሦስት ጎልማሶች የማይዙት ጉልበት ይሰበሰብበታል።

የመርከብም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ድንኳን ተካዩ ነፋሱን ተቋቁሞ ባለበት ለመቆየት ሲደክም፥ መርከበኛው ነፋሱን ይዞ ለመሄድ መድከሙ ብቻ ነው። ተራዳውን መርከበኛው ደቀል ይለዋል፤ አውታሩም ደቀሉን ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዘው ገመድ ነው። የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከብ፥ ይኸውም ሳምቡክ እየተባለ የሚጠራውና የርሱ ወገን ሁሉ፥ ደቀሉ ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። በደቀሉ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ እንጨት በገመድ ተጎትቶ ይሰቀላል። ይህ አግዳሚ ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ርዝመት የማያንስ ስለ ሆነ አንድ ዛፍ አይበቃውም፤ ሁለት ወይም ሦስት እንጨት ጫፍ ለጫፍ ተደራርቦ በገመድ ይታሰራል። ሸራው በዚህ አግዳሚ ላይ ይንጠለጠላል፤ መልኩም የፊት ጫፉ የተቈረጠ ሦስት ማዕዘን ይመስላል።

ይህን የሚያዝዙት ገመዶች ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ግብር አለው። አንዱ አግዳሚውን ወደ ላይ የሚያወጣው ነው፤ ከባድ ስለ ሆነ መርከበኞቹ ሁሉ ተሰብስበው፥ በዜማ እየተቀባበሉ ይጎትቱታል። ሁለተኛው የአግዳሚውን የፊት ጫፍ ከመርከቡ አፍንጫ ጋር ያስረዋል። ሦስተኛው የሸራውን የኋላ ጫፍ የሚይዘው ነው፤ እርሱም በፈረስ ላይ እንደ ልጓም ያለ ነው። ሳቡት ቢባል ሸራው ይጠባል፤ ልቀቁት ቢባል ይሰፋል። ነፋሱ ከጐን በመጣ ጊዜ ሸራው በትክክል ከተያዘ፥ የመርከቡ ሆድ በውሃው ውስጥ ወደ ጐን መንሸራተትን ስለሚከለክል፥ የነፋሱ ግፊት መርከቡን ወደ ፊት ይወስደዋል። ነፋስ ከኋላ ሳይመጣ ወደ ፊት መሄድ የሚቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሥራ ግን አቅጣጫ መለወጥ ነው። መርከቡ ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ያ ታላቅ አግዳሚ ከነሸራው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግና በደቀሉ ፊት ዞሮ ወደ ሌላው ጐን ይሻገራል፤ የደቀሉም ደጋፊ ገመዶች በዚያው ቅጽበት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በብርቱ ነፋስ አንድ ሰው እጁን ቢስት ደቀል ሊሰበር፥ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የመርከቡ አለቃ ነፋሱ እንዳይበረታበት አስቀድሞ ያስባል፤ ሰማዩ በከበደ ጊዜ ትልቁን ሸራ አውርዶ ትንሹን ያሰቅላል። ዐዋቂ መርከበኛ የሚባለውም ከነፋሱ አስቀድሞ ጊዜውን የሚያውቅ ነው።

ይህ ጊዜን የማወቅ ነገር ወደ ባሌ ይመልሰናል። የዐረብ መርከበኞች የነፋሱን ወራት «መውሲም» ይሉታል፤ የታወቀ ወራት ማለት ነው። አውሮፓውያንም «ሞንሱን» የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚሁ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከዐረብና ከሕንድ የሚነሡ መርከቦች በርሱ ወደ ሞቃዲሾ፥ ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር ይወርዱ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ከደቡብ ምዕራብ ይነሣል፤ መርከቦቹም በርሱ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በሰኔና በሐምሌ ግን እጅግ ስለሚበረታ በቤናዲር ዳርቻ ያሉት ወደቦች ይዘጉ ነበር። ሸራው በዓመት አንድ ጊዜ ይሄዳል፥ አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ጊዜውን ያሳለፈ ነጋዴ ለሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

እንግዲህ የባሌን ገበሬ ተመልከቱት። በሮቤ ዙሪያ፥ በሲናና አገር፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታረሳል፥ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ምርት «ገና»፥ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ «ቦና» ይባላል። የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት ነው፤ የሚመጣውም መርከበኛው ነፋሱ እስኪዞርለት በሚጠብቅበት በዚያው ጊዜ ነው። በወደቡ ያለው ሰው ሸራውን ሲጠግን፥ በሲናና ያለው ሰው ዘሩን ያዘጋጃል። ሁለቱም ወደ አንድ ሰማይ ያንጋጥጣሉ፤ ነፋሱ ቢዘገይ ሁለቱም ይቸገራሉ።

ይህም ብቻ አይደለም። ጆን ፊንድሌተር የተባለ የብሪታንያ የአየር ጠባይ ዐዋቂ በ1969 እንዳስረዳው፥ ያ ብርቱ የክረምት ነፋስ ከደቡብ መጥቶ የምድርን ወገብ ከተሻገረ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ጠርዝ በኩል ታጥፎ፥ በሶማሌ አገር ላይ አልፎ ወደ ዐረብ ባሕር ይገባል። ደጋዎቹ እንደ ግንብ ቆመው ነፋሱን ሰብስበው ይመሩታል። የኢትዮጵያ ደጋ፥ ባሌም በውስጡ ሆኖ፥ የዚያ ግንብ ክፍል ነው። የሳነቴን አምባ ሰምቶት የማያውቀው መርከበኛ ሸራውን የሞላለት ነፋስ በከፊል ይህ ተራራና ወገኖቹ ያቀኑት ነፋስ ነበር።

ውሃውም እንዲሁ ነው። በጎባ አጠገብ የሚያልፈው ቶጎና ከሳነቴ ይነሣል፤ እርሱና ሻያ ከዌብ ወንዝ ጋር ይገናኛሉ። ዌብ በሶፍ ዑመር ከድንጋዩ ሥር ገብቶ፥ ታላላቅ ምሰሶዎች በቆሙበት ዋሻ ውስጥ ተጉዞ ከወጣ በኋላ፥ ወደ ዶሎ ወርዶ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጁባ ይሆንና በኪስማዩ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ከዋቢ ሸበሌ ይቀላቀላል። ዋቢ ሸበሌ ለሞቃዲሾ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ ሳለ፥ ባሕሩን እንደ ፈራ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሮ በዳርቻው ይጓዛል፤ በብዙ ዓመትም ባሕር ሳይደርስ በረግረግ ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ውሃው ባይደርስ ፍሬው ደርሷል። በ19ኛው መቶ ዓመት በታችኛው ሸበሌ ዳርቻ የበቀለው ማሽላና ሰሊጥ በሸራ መርከብ ተጭኖ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ዛንዚባር ይሄድ ነበር።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ዝምድና ከእኛ ይልቅ ያውቁት እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረባዊው ሊቅ አል ዑመሪ፥ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ለኢትዮጵያ ንጉሥ ይገብሩ የነበሩትን ሰባት የእስላም አገሮች ሲቈጥር ኢፋትን፥ ደዋሮን፥ ሀድያንና ሌሎቹን ጠቅሶ ባሌንም ከነርሱ ጋር ጽፏል። ደግሞም በግብፅና በሶርያ ያሉ ሰዎች እነዚህን አገሮች በሙሉ «የዘይላ አገር» ብለው እንደሚጠሯቸው ይነግረናል፤ ዘይላ ግን በባሕር ዳር ያለች አንዲት ወደብ ብቻ ናት። አስተውሉ፤ የደጋው አገር ሁሉ በወደቡ ስም ይጠራ ነበር፤ ምክንያቱም የውጭ ሰው አገሩን የሚያውቀው ሸራው በሚቆምበት በር በኩል ስለ ነበር ነው። በ1331 ገደማ ኢብን ባጡጣ የተባለው ታላቅ መንገደኛ ከዚችው ከዘይላ በመርከብ ተነሥቶ በ15 ቀን ሞቃዲሾ ደርሷል።

ከዚያም ቀድሞ፥ በ525 ገደማ፥ ዐፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን ከአዱሊስ አካባቢ በመርከብ አሻግረው የመን ገብተዋል። በዚያው ዘመን የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፥ የዚህ ባሕር መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር ያልተመታ፥ በገመድ ተጣብቆ የታሰረ መሆኑን ጽፎ ትቶልናል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች «በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው» ይሉ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን አልተቀበለውም። በ1183 ቀይ ባሕርን የተሻገረው ኢብን ጁባይርም በዐይዛብ ወደብ ያያቸው መርከቦች አንድ ምስማር የሌለባቸው፥ ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ የተሰፉ እንደ ነበሩ፥ ሸራቸውም ከዘንባባ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የተሠራ እንደ ነበር ይተርካል። እነዚያን መርከቦች የጠራበትም ስም እኛ ዛሬ ጀልባ ከምንለው ጋር አንድ ነው።

መርከብን ያህል ነገር እንዴት በገመድ ይሰፋል? የሚል አንባቢ ቢኖር፥ መልሱን በሲናና እርሻ ላይ ያገኘዋል። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምስማር አይመታውም፤ በምራን ያስረዋል እንጂ። ማረሻው ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ምራኑ ጥቂት ይሰጣል፥ ተመልሶም ይይዛል፤ ምስማር ቢሆን ግን ሞፈሩ ይሰነጠቅ ነበር። የተሰፋው መርከብም በአሸዋ ላይ ሲወጣና ከማዕበል ጋር ሲታገል ሰውነቱ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ አንዱ ሳንቃ ቢጐዳም ስፌቱ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ባሕር አላዩም፤ ነገር ግን የገመድን ምሥጢር ከመርከብ ሠሪው እኩል ያውቁ ነበር። የፈረሱን ኮርቻ የሚያጠብቀው ጠፍር፥ አልጋውን የሚወጥረው ጠፍር፥ በደቡብ አገር ከእንሰት ቃጫ የሚገመደው ገመድ፥ ሁሉም የአንድ ጥበብ ልጆች ናቸው።

አሁን የሚያሳስበን ነገር ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ወደ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሞተር መጣ፤ ሸራውም ቀስ በቀስ ወረደ። አለን ቪሊየርስ የተባለ አውስትራልያዊ መርከበኛ በ1938 እና በ1939 ከዐደን ተነሥቶ በአንድ የኩዌት ሸራ መርከብ እስከ ዛንዚባርና ከዚያም ወዲያ ወርዶ ከመርከበኞቹ ጋር ተመልሷል፤ ሥራቸውንም በመጽሐፍ ጻፈ። ይህን ባያደርግ ኖሮ ብዙው ነገር ሳይመዘገብ በቀረ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1980፥ ቲም ሰቨሪን የተባለ ሰው በዖማን አገር እንደ ጥንቱ በገመድ የተሰፋ መርከብ ለማሠራት ባሰበ ጊዜ፥ መርከብ በመስፋት በታወቀው በዚያ አገር ሥራውን የሚፈጽሙለት ሰፊዎች ስላላገኘ፥ ከሕንድ ዳርቻ ማዶ ካሉት ከላካዲቭ ደሴቶች አስመጣ። ለመርከቡ ስፌት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የኮኮናት ገመድ ተፈጀ፤ መርከቡም በ1981 እስከ ቻይና ደረሰ። ጥንት በየወደቡ የነበረ የእጅ ሥራ፥ ከጥቂት ደሴቶች በቀር የሚያውቀው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

በባሌም ዘመኑ ተለውጧል። በሮቤ ዙሪያ ዛሬ ትራክተር ያርሳል፥ ኮምባይነርም ያጭዳል፤ በገበያውም የፕላስቲክ ገመድ ከጠፍሩ ጐን ይሸጣል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ኮምባይነር የስንት ሰው ወገብ እንዳሳረፈ፥ ዝናብ ሳይመታው ስንት እህል እንዳስገባ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሞተርም መርከበኛውን ከብዙ ሞት አድኖታል። ነገር ግን ሥራው ሲቀር ስሙም አብሮ ይቀራል። ምራን ምን እንደ ሆነ፥ ከየትኛው ቆዳ እንደሚቈረጥ፥ እንዴት እንደሚለፋና እንደሚለሰልስ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ቢሞት፥ ከርሱ ጋር የሚቀበረው የአንድ ገመድ ነገር ብቻ አይደለም።

ከዚህም የሚከፋው የተራራው ነገር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ሣር አያበቅልም። በሳነቴ ላይ ያለው ሣርና ረግረግ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ጐተራ ነው፤ በስተደቡብ ያለው የሐረና ጫካም እንዲሁ። ከብቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነ፥ አስታው ከተቃጠለ፥ ጫካውም ከተመነጠረ፥ ዝናቡ በአንድ ቀን ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ወንዙ ይደርቃል። ያን ጊዜ የሚጐዳው ባሌ ብቻ አይሆንም፤ በገናሌ፥ በዌብና በዋቢ ሸበሌ የሚኖረው በሚሊዮን የሚቈጠር የቈላ ሕዝብም ነው። በመርከብ ላይ አንድ አውታር ሲበጠስ ደቀሉ ብቻ እንደማይወድቅ፥ ከላይ ያለው ሲላላ ከታች ያለው ይወድቃል።

እንግዲህ ባሕር የለንም ብለን የባሕርን ነገር ለሌላው መተው አይገባንም። ልጆቻችንን ወደ ባሌ ስንወስዳቸው ቀይ ቀበሮን ማሳየት መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ነፋሱ ከየት እንደመጣ፥ ወንዙም ወዴት እንደሚሄድ ብንነግራቸው ይጠቅማቸዋል። በቤታችን ያለውን አረጋዊ «ይህ ምን ይባላል? እንዴትስ ይሠራል?» ብለው እንዲጠይቁ፥ የሰሙትንም በደብተር እንዲጽፉ እናስተምራቸው። ጠፍሩን የሚያለፋው እጅ ገና በሕይወት ሳለ የተጠየቀ ነገር ሁሉ ይተርፋል፤ ሳይጠየቅ ያለፈውን ግን ከባሕር ማዶ አስመጥተን አናገኘውም።